«ምላጭ» ብሎ መጻፍ አይበቃም

አማርኛ ጺም የሚላጭበትን፣ ዋግምት አውጪው የሚበጣበትንና ሐኪሙ ቆዳ የሚከፍትበትን ስለት ሁሉ «ምላጭ» ብሎ ይጠራል። ለዕለት ንግግር ይህ ይበቃል። ችግር የሚፈጥረው ቃሉ ያለ ቁጥር በሕክምና ዕቃ መጠየቂያ ቅጽ ላይ ሲሰፍር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1915 ሞርጋን ፓርከር ያስመዘገበው ባለ ሁለት ክፍል ቢላዋ ከተስፋፋ ወዲህ ስለትና እጀታ ለየብቻ የሚቀርቡ ዕቃዎች ሆነዋል። ቁጥር 3 እጀታ 10፣ 11፣ 12 እና 15 ቁጥር ምላጮችን ይቀበላል፤ ቁጥር 4 እጀታ ደግሞ ከ20 እስከ 24 ያሉትን። ስለሆነም መጋዘኑ በ22 ቁጥር ምላጭ ቢሞላ እንኳ በክፍሉ ያለው እጀታ ቁጥር 3 ብቻ ከሆነ ምላጭ እንደሌለ ይቆጠራል። ያን ጊዜ ስለቱን በጣት ይዞ የሚቆርጥ ባለሙያ ራሱን ለጉዳት፣ በደም ለሚተላለፈው ሄፓታይተስ ቢም ያጋልጣል።

«የሠለጠነ እጅ በማናቸውም ምላጭ ይሠራል» የሚል መከራከሪያ ይሰማል። አባባሉ ባለሙያውን ያሞግሳል፤ ሕመምተኛውን ግን ለዕድል ይተወዋል። ሹሉ 11 ቁጥር መግል የቋጠረ እባጭ ወግቶ ለመክፈት ይመቻል፤ ጥልቀቱን መቆጣጠር ስለሚያስቸግር ግን ለረጅም የቆዳ ቅድ አይመረጥም። ጅማትና ነርቭ ለቆዳ በሚቀርቡበት በእጅና በፊት ላይ፣ ይልቁንም በሕፃናት፣ ትንሹ 15 ቁጥር ይመረጣል። ለሆድ ቅድ 10 ቁጥር፣ ወይም በቁጥር 4 እጀታ 22 ቁጥር ያገለግላል።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚከብደው ከትልልቅ ሆስፒታሎች ርቀው በሚገኙ ተቋማት ነው። ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከአምባሰል ቀበሌዎች ለሚነሳ ሕመምተኛ መንገዱ ከዚያም ይረዝማል። በቅርቡ ሊከፈት የሚችል እባጭ በእጀታ አለመግጠም ምክንያት ወደ ደሴ ቢላክ፣ ወጪውንና ሕመሙን የሚሸከመው አርሶ አደሩ ነው።

ምርጫው አንዳንድ ጊዜ ምላጭን ጨርሶ መተውንም ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ከቀዶ ሕክምና በፊት ፀጉርን በምላጭ መላጨትን አጥብቆ ይከለክላል፤ የግድ ከሆነ በፀጉር መቁረጫ ማሽን ማሳጠርን ይመክራል።

መፍትሔው ብዙ በጀት አይጠይቅም። መጠየቂያው የምላጩንና የእጀታውን ቁጥር ጎን ለጎን ይያዝ፤ ዕቃ ተረካቢው ሁለቱ መግጠማቸውን ሳያረጋግጥ አይፈርም፤ ምላጭም በጣት ሳይሆን በመርፌ መያዣ ይሰካ፣ ይነቀልም።