ጸጋና ተዋሕዶ በቦሩ ሜዳ

ስለ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሲወራና ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ነገሩ ከሊቃውንቱ ክርክር ይጀምርና በሊቃውንቱ ክርክር ያበቃል። በ1870 ዓ.ም. ዓፄ ዮሐንስ 4ኛና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት፥ ደሴ አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ፥ የጸጋ ልጆች ወይም ሦስት ልደት የሚባሉት ተረቱ፤ ተዋሕዶ ጸና፤ ቤተ ክርስቲያን አንድ ሆነች ይባላል። እኛ ግን እዚህ ላይ ማቆም አይገባም እንላለን።

ክርክሩን የቃል ጨዋታ ነው ብለው የሚንቁትን አንከተልም። ሦስት ልደቶች፥ ክርስቶስ ከአብና ከእመቤታችን ከመወለዱ በላይ በመንፈስ ቅዱስ ቅብዐት ሌላ ልደት አለው ይሉ ነበር። ተዋሕዶዎች ግን ሥጋ የከበረው ከመለኮት ጋራ በመዋሐዱ ስለ ሆነ ሦስተኛ ልደት አያስፈልግም አሉ። የሰው ሥጋ ክብር ከምን መጣ ማለት ታላቅ ጥያቄ ነው፤ የተዋሕዶዎቹም መልስ የበረታ ይመስለናል። (ምኒልክ በዚያው ዓመት በመጋቢት በልቼ ለዓፄው ገብተው ስለ ነበር፥ ፍርዱ በሊቃውንት አፍ ብቻ አልተሰጠም።)

የሚያስደንቀን ቀጥሎ የሆነው ነው። መለኮትና ሥጋ ያለ መለወጥ ተዋሐዱ ብሎ የፈረደ ጉባኤ፥ የወሎን እስላም ግን ካልተለወጥህ አንድ አትሆንም አለው። የወረ ሒመኖው ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፥ የክርስትና አባታቸውም ዓፄ ዮሐንስ ሆኑ፤ አመዴ ሊበን አባ ዋጠው በምኒልክ ክርስትና አባትነት ኃይለ ማርያም ተባሉ። ለመኳንንቱ ጥምቀቱ ከሹመት ጋራ መጣ። ለባላገሩ ከጦር ጋራ መጣ፤ ሼህ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር የመሩት ዓመፅም የተነሣው ከዚህ ነው።

ዓፄውን የሚከላከሉ ሰዎች ጉንደትንና ጉራን ያነሣሉ፤ ግብፅ በ1868 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ ስለ ዘመተች ንጉሡ አገራቸውን በአንድ ሃይማኖት ማጠር ነበረባቸው ይላሉ። ይህ ፍርሃቱን ያስረዳል፤ ጥምቀቱን ግን አያጸድቅም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ራሳቸው ክርስቲያን ሆነው ይህን የዓፄ ዮሐንስን ሥራ ነቅፈዋል። ጸጋ ማለት ስጦታ ነው፤ እምቢ ያለ ሹመቱንና ርስቱን የሚያጣበት ስጦታ ከግብር በምን ይለያል? ጸጋ የሚለውን ቃል የወገን ስም አድርገው ሲረቱት፥ ከስሙ ጋራ ትርጓሜውም በሜዳው ላይ የቀረ ይመስላል።

ከቦሩ ሜዳ ወደ ምዕራብ፥ በለጋምቦ እስከ ቦረናና እስከ መካነ ሰላም፥ ከዚያም እስከ ዓባይ ገደል ድረስ ያለው ደጋ ሌላ ነገር ይመሰክራል። በዚያ እስላምና ክርስቲያን በአንድ የዘር ሐረግ ይገኛሉ፤ በሠርግም በልቅሶም አይለያዩም። ይህን ዝምድና ጉባኤው አላዘዘውም። ስለዚህ ከዚያ አገር የመጡ ተማሪዎች፥ በየቤተ ሰቡ የአያት ስም በማን ዘመን እንደ ተለወጠ፥ ማን ወደ ፊተኛው ሃይማኖቱ እንደ ተመለሰ፥ ማንስ እንደ ጸና፥ ሽማግሎቹ ሳያልፉ ጠይቀው ቢጽፉልን እንወዳለን።