ስለ እንግሊዝኛ «ሁ» እና «ዊች»፥ ስለ ግዕዝ «ዘ»፥ ስለ አማርኛም «የ»

በማናቸውም ቋንቋ ትልቁን ነገር የሚሸከሙት ትንንሾቹ ቃላት ናቸው። ስምና ግሥ ከመዝገበ ቃላት ይገኛል፤ ስሙን ከግሡ ጋራ የሚያያይዘው ትንሽ ቃል ግን ሥርዓቱን ላላወቀ ሰው ከመዝገብ ተለቅሞ አይገኝም። በእንግሊዝኛ እንዲህ ካሉት ቃላት ዋናዎቹ «ሁ»፥ «ሁዝ»፥ «ዊች»፥ «ዛት» የሚባሉት ናቸው። ሥራቸውም በግዕዝ «ዘ፥ እንተ፥ እለ»፥ በአማርኛ ደግሞ «የ» የሚሠሩትን መሥራት፥ ይኸውም አንድን ዐረፍተ ነገር የስም ቅጽል ማድረግ ነው።

እነዚህ ቃላት በየትምህርት ቤቱ ይነገራሉ፤ አነጋገራቸው ግን ጐደሎ ነው። «ሁ ለሰው፥ ዊች ለነገር» ተብሎ በቃል ይጠናል፤ ባዶ ቦታ ይሞላል፤ ፈተናውም ይታለፋል። ከዚህ በኋላ ተማሪው ደብዳቤ ለመጻፍ ወይም ለመተርጐም በተቀመጠ ጊዜ ያጠናው ደንብ አይደርስለትም። ይህ የተማሪው ስንፍና አይደለም፤ የእንግሊዝኛው ሥርዓት እርሱ አስቀድሞ ከሚያውቀው ቋንቋ ጋራ ሳይነጻጸር ስለሚሰጠው ነው።

ችግሩ ጐልቶ የሚታየው እንደ ሚዛን ተፈሪና እንደ ቴፒ ባሉት አገሮች ነው። በዚያ የቡና ምድር የሚያድግ ልጅ በቤቱ የቤንችን፥ የሸኮን ወይም የሸካን ቋንቋ ይናገራል፤ በገበያና በጽሕፈት ቤት አማርኛ ይሰማል፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲገባና በ1999 ዓ.ም. በተቋቋመው በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ሲማር ደግሞ መጽሐፉ ሁሉ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። የቤንች ቋንቋና አማርኛ በዘር የተራራቁ ቢሆኑም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ በሁለቱም ግሡ በመጨረሻ ይውላል፥ ገላጩም ከተገላጩ ስም ይቀድማል። «ትናንት የመጣው ሰው» ሲባል አድማጩ ስለ ማን እንደሚነገር የሚያውቀው ከሁሉ በኋላ ነው። እንግሊዝኛ ግን ሰውዬውን አስቀድሞ ያቆማል፤ መምጣቱንም በኋላ ያስከትላል። ስለዚህ ይህ ልጅ ከሁለት ቋንቋ የለመደውን ቅደም ተከተል በሦስተኛው መገልበጥ አለበት።

የግዕዝ ተማሪ በዚህ ነገር ዕድለኛ ነው። ግዕዝ «ብእሲ ዘመጽአ»፥ «ብእሲት እንተ መጽአት»፥ «ሰብእ እለ መጽኡ» ይላልና ስሙ ይቀድማል፥ ገላጩ ይከተላል፤ ይህም የእንግሊዝኛው ሥርዓት ነው። አቡነ ዘበሰማያት ስሙ ራሱ ምስክር ነው፤ «አብ» ቀድሞ «ዘ» ተከትሎታል። የአማርኛውም ጸሎት በተራ አነጋገር እንደሚደረገው ገላጩን አላስቀደመም፤ የግዕዙን ፈለግ ተከትሎ አባትን አስቀደመ። እንግዲህ በቅኔ ቤት የዋለ ሰው የእንግሊዝኛን «ሁ» እንደ እንግዳ ሊፈራው አይገባም፤ የቆየ ወዳጁ ነውና።

ሆኖም ግዕዝ በሁሉ አይመራም፤ የሚያሳስትበትም ስፍራ አለ። አማርኛ «የምኖርበት ቤት» ሲል «በት» ወደ ቤቱ ይመለሳል። ግዕዝም «ቤት ዘእነብር ውስቴቱ» ሲል «ውስቴቱ» እንዲሁ ይመለሳል። ይህን የለመደ ተማሪ በእንግሊዝኛ «ሀውስ ዊች አይ ሊቭ ኢን ኢት» ብሎ ይጽፋል፤ መጨረሻ ያለው «ኢት» ትርፍ ነው፤ ሥራውን «ዊች» አስቀድሞ ሠርቶታልና። «ልጁ የሞተበት ሰው»፥ በግዕዝም «ብእሲ ዘሞተ ወልዱ» ሲባል፥ ተማሪው «ሁ ሂዝ ሰን» ይላል፤ እንግሊዛዊው ግን ሁለቱን በአንድ ቃል ጠቅልሎ «ሁዝ ሰን» ይላል። እንዲህ ያለውን ስሕተት ቀይ መስመር እየሰመሩ መመለስ ብቻውን አይበቃም፤ ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ ቢነገረው ተማሪው ዳግመኛ አይሠራውም ነበር።

«ሁ ለሰው፥ ዊች ለነገር» የሚለውም ደንብ በዘመናት ሁሉ የጸና አይደለም። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1611 የታተመው የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ በአቡነ ዘበሰማያት እግዚአብሔር አብን «ዊች» ይለዋል። ይህ ድፍረት አይደለም፤ በዚያ ዘመን «ዊች» ለሰውም ለነገርም ይነገር ነበር፤ ልዩነቱ እየጸና የሄደው በኋላ ነው። የጥንቱን እንግሊዝኛ እያነበበ የሚያስተምር ካህን ይህን ቢያውቅ፥ የጥንቱን እንደ ጥንትነቱ ያነባል፥ የራሱን ግን በዛሬው ሥርዓት ይጽፋል።

ከሁሉ የሚከብደውና በየትምህርት ቤቱ በችኰላ የሚታለፈው ነገር ገና አልተነገረም። የእንግሊዝኛ ገላጭ ሁለት ዐይነት ሥራ አለው፤ አንደኛው መለየት፥ ሁለተኛው መጨመር ነው። የሚለየው ያለ ኮማ ይጻፋል፤ የሚጨምረው በኮማ ይከለላል፥ በንግግርም ጊዜ ድምፅ ዐረፍ ይልበታል። «ዛት» ለሚለየው ብቻ ይሆናል፤ ከኮማ በኋላ አይገባም።

ልዩነቱ የሊቃውንት ጨዋታ እንዳይመስል አንድ ነጋዴ ይታሰብ። በሚዛን ተፈሪ መጋዘን ከፊሉ የታጠበ ቡና፥ ከፊሉ ጀንፈል ተከማችቶአል እንበል። የእንግሊዝኛው ውል «የታጠበው ቡና ተሸጠ» የሚለውን ያለ ኮማ ከጻፈው፥ የተሸጠው የታጠበው ክፍል ብቻ ነው፤ ጀንፈሉ ለባለቤቱ ይቀራል። በኮማ ከከለለው ግን ትርጕሙ «ቡናው ሁሉ ተሸጠ፥ ሁሉም የታጠበ ነው» ይሆናል። ነጋዴው አንዲት ጭረት ባለማስተዋሉ የሌለውን ሸጦ ይገኛል።

ነገሩ ወደ ሃይማኖት ሲመጣ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። በአማርኛ «ሰማይንና ምድርን የፈጠረ እግዚአብሔር» ስንል መመስገኑ ነው እንጂ ከሌላ መለየቱ አይደለም፤ ሌላ የለምና። «የ» ግን ለሁለቱም ሥራ አንድ ስለ ሆነ አማርኛው ራሱ አይነግረንም፤ የሚነግረን እምነታችን ነው። ይህን ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ሰው ኮማውን ቢተው፥ የእንግሊዝኛው አንባቢ «ያልፈጠረ ሌላ አምላክ አለን?» ሊል ይችላል። ማርያም የሚለው ስም ግን ሌላ ነው። በወንጌል ማርያም የተባሉ ብዙዎች አሉና፥ ጌታን የወለደችውን ከመግደላዊቷ ለመለየት ሲፈለግ ኮማ የሌለው ገላጭ በስፍራው ነው፤ እርስዋን ለማመስገን ሲነገር ግን ኮማው የግድ ነው። በውጭ አገር ላደጉ ልጆች ስብከትና ጸሎት ወደ እንግሊዝኛ በሚመለስበት በዛሬው ጊዜ፥ ተርጓሚው በየገላጩ ፊት «ይህ የሚለይ ነውን? ወይስ የሚጨምር?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ይገባዋል።

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በሚመለሰውም ጽሑፍ የሚነቀፍ ነገር አይታጣም። እንግሊዝኛ ስሙን አስቀድሞ ስላቆመ ገላጭ በገላጭ ላይ ቢከምር አንባቢው አይጠፋበትም። ያንኑ ክምር ወደ አማርኛ ያመጡት እንደ ሆነ፥ «ከቤንች ሸኮ ዞን የተሰበሰበውና በመኪና ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ የተላከው፥ በዚያም የተመረመረውና ደረጃ የወጣለት ቡና» የሚል ይወጣል፤ አንባቢውም «ቡና» እስኪል ድረስ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ለዚህ መድኃኒቱ በአማርኛ ቤት ውስጥ አለ። የሚጨምረውን ገላጭ በቦዝ አንቀጽ ወይም በ«እርሱም» መፍታት ነው፤ «ቡናው ከቤንች ሸኮ ዞን ተሰብስቦ ወደ አዲስ አበባ ተላከ፤ በዚያም ተመርምሮ ደረጃ ወጣለት» ቢባል ነገሩ ሳይጐድል አነጋገሩ ይቃናል። «የ» ለሚለየው ብቻ ቢጠበቅ፥ የእንግሊዝኛው ኮማ ያደረገውን ልዩነት አማርኛ በራሱ ጠባይ ያደርገዋል።

በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1652 ጎታ በተባለችው የጀርመን ከተማ አባ ጎርጎርዮስና ኢዮብ ሉዶልፍ በተገናኙ ጊዜ መነጋገሪያቸው ግዕዝ ነበር። ሉዶልፍ በ1661 የግዕዝን፥ በ1698 የአማርኛን ሰዋስው ለማሳተም የበቃው ከኢትዮጵያዊው ሊቅ ጋራ ተቀምጦ ቃልን ከቃል እያመዛዘነ ስለ ተማረ ነው። ያን ጊዜ የውጭው ሰው የእኛን ቋንቋ በዚህ መንገድ ካገኘው፥ የእኛ ልጅ የእርሱን ቋንቋ በዚሁ መንገድ ለማግኘት የሚከለክለው የለም። የሰዋስው መምህር በሰሌዳው ላይ «ሁ» ብሎ ሲጽፍ ከአጠገቡ «የ» ን ይጻፍ፥ «ዘ» ን ይጻፍ፥ ልጁም ከቤቱ ያመጣውን የእናቱን ቋንቋ እንዲጨምርበት ይፍቀድለት። እንዲህ የተማረ ልጅ ደንቡን ቢረሳው እንኳ ምክንያቱን አይረሳውም።