ከመኪናው በፊት ጨርቁን

ከላቫጆ የወጣ መኪና ሁሉ ያምራል። ውሃው ያልደረቀበት ቀለም ጭረቱን ይደብቃል፤ ጎማው ላይ የተቀባው ቅባት ያብረቀርቃል፤ ውስጡ የተነፋው ሽቶ አፍንጫ ያባብላል። ሦስቱም ጊዜ አይፈጁም፣ ገንዘብም አያስወጡም። በዚያች ሰዓት ቆሞ ስለ እጥበቱ መፍረድ በሠርግ ቀን ስለ ትዳሩ እንደ መፍረድ ነው። ለእኔ ዳኝነቱ የሚሰጠው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ ቁልፍ ከመስጠት በፊት፣ ሌላው መኪናው ታጥቦ ጥቂት ቀን ከዋለ በኋላ።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአንድ ሸገር ከተማ ሥር ይተዳደራሉ። መኪና ላይ የሚያሳርፉት ቆሻሻ ግን ለየቅል ነው፤ አዋቂ አጣቢም የሚለየው መጀመሪያ በዚህ ነው። መኪናው ገና ግቢ ሲገባ ዞር ዞር ብሎ ያየዋል፣ በጣቱ ሳይሆን በዓይኑ። ከየት እንደመጣ የሚጠይቅም አለ። የሚጠይቀውን ይመኑት።

የሰበታ ቆሻሻ ቅባት አለው። የጅማ መንገድ ከዓለም ገና ጀምሮ ፋብሪካ በፋብሪካ ነው፤ ከባድ መኪና ከፊትም ከኋላም ናፍጣውን ያጨሳል። ጥቀርሻው ከአስፋልቱ ሬንጅ ጋር ተለውሶ በሮቹ ግርጌና ከኋላ መዝጊያ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ውሃ ብቻ አያነሳውም፤ ሳሙናው ለደቂቃዎች ተኝቶበት ማላላት አለበት። የቡራዩ አቧራ ደግሞ ድንጋይ ነው። ከካባና ከድንጋይ መፍጫ የሚነሳው ብናኝ ጠርዙ የሾለ ነው፣ ከመኪና ቀለምም ይጠነክራል። ሱሉልታ ሲደርሱ ሜዳው ዋልካ ነው፤ በክረምት ጎማ ላይ ተጠቅልሎ ከፓራፋንጎው ሥር ይጠቀጠቃል፣ በበጋ ደርቆ ይቀመጣል። ድርቆሽ የጫነ አይሱዙን ተከትሎ የመጣ መኪና የፊት ግሪሉንና ራዲያተሩን በገለባ ሞልቶ ይገባል።

ሲሚንቶ ለብቻው ይነሳ። የደርባ ጭነት በሱሉልታ በኩል፣ የሆለታው በቡራዩ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ ብናኙ መንገድ ዳር ባደረ መኪና ላይ ያርፋል። ሲሚንቶ ጥቂት ውሃ ሲያገኝ ይጋገራል፤ የሌሊት ጤዛ እንኳ ይበቃዋል። ስለዚህ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ ማድረግ ከሁሉም የከፋው ነው። የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ በኮምፕረሰር አየር ከሩቅ ያራግፈዋል፣ ከዚያ ውሃውን ሳይሰስት ያወርድበታል። የጋገረውን ደግሞ በውሃ በደንብ በቀጠነ አቼቶ ያረጥብና ወዲያው ያጥበዋል። በጥፍር ወይም በቢላ የሚፍቅ ካዩ ቁልፍዎን ይቀበሉ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? ከቀለሙ በላይ ያለው፣ ቀለም ቀቢዎች ክሊር የሚሉት ግልጽ ሽፋን፣ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ነው። ከአንድ የራስ ጸጉር ይቀጥናል ማለት ነው። በፀሐይ ፊት ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ መኪና ላይ ክብ ክብ እየሠሩ የሚታዩት ቀጫጭን ጭረቶች አብዛኞቹ አሸዋ በያዘ ጨርቅ ከተደረገ እጥበት ነው የመጡት። ነጭ መኪና ላይም አሉ፣ ዓይን ውስጥ ስለማይገቡ እንጂ። እዚህ ላይ ስለ ዘበኞቻችን አንድ ነገር ልበል። በየማለዳው መኪናውን በደረቅ ጨርቅ የሚያብሱልን በቅንነት ነው። ምስጋናው እንዳለ ሆኖ፣ ልማዱ በትሕትና ይቅር፤ የቡራዩን አቧራ በደረቅ ጨርቅ ማበስ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እንደ መሞረድ ነው የሚቆጠረው።

እንግዲህ ወደ ጨርቁ። ግቢ ሲገቡ ማሽኑን አይዩ፤ ፕሬዠር ማሽን ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገዛዋል። ጨርቁ የት ነው ያለው? ገመድ ላይ ተሰጥቷል ወይስ ሮቶው ሥር ከሲሚንቶ ወለሉ ላይ ተከምሯል? ለቸርኬ የሚውለውና ለኮፈን የሚውለው ተለይቷል? በጣም ጥሩው ፈተና ግን ሳይጠበቅ የሚመጣው ነው። ጨርቁ ከልጁ እጅ አምልጦ መሬት ወደቀ እንበል። አንስቶ፣ አራግፎ፣ ከቀጠለ እዚያ ቤት ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ወደ ጎን ጥሎ ሌላ ካነሳ ግን ማሽኑ አሮጌ ቢሆን፣ ግቢው ጣሪያ ባይኖረው፣ ግድ የለም፤ መኪናውን ትቶ ቡና መጠጣት ይቻላል።

ባልዲ ሁለት ነው። በአንዱ የሳሙና ውሃ፣ በሌላው ንጹሕ ውሃ፤ ጨርቁ መኪናውን ነክቶ ሲመለስ መጀመሪያ በንጹሑ ታጥቦ ነው ሳሙናው ውስጥ የሚገባው። በባልዲው ውስጥ ከታች ወንፊት መሳይ ፕላስቲክ ቢኖር አሸዋው ወርዶ ይቀራል፣ ተመልሶ ጨርቁ ላይ አይወጣም። ሜዳማ ስፖንጅ አሸዋን ከቀለሙ ጋር አጣብቆ ይጎትታል፤ ጸጉር ያለው የማይክሮፋይበር ወይም የሱፍ ጓንት ግን ወደ ውስጡ ይውጠዋል። የማይክሮፋይበር ጨርቅ በበረኪና ከታጠበ ቃጫው ይበላሻልና፣ «ነጭ አድርገን አጥበነዋል» የሚል ኩራት አያታልልዎ።

የዱቄት ሳሙና፣ የማንም ይሁን የማን ሁላችንም ኦሞ የምንለው፣ ለልብስ የተሠራ ነው። ያልሟሟው ፍሬው ይፍቃል፣ የሟሟው ሰሙን ከቀለሙ ላይ ያነሳል። ላርጎም ቅባት ማንሳት ሥራው ስለሆነ ሰሙን አብሮ ይወስደዋል፤ ቢሆንም ፍሬ የለውም። የመኪና ሻምፖ ከሌለ ጥቂት ላርጎ በብዙ ውሃ ይሻላል። በዚህ ነገር ግን ማካበድ አልወድም፤ ከሰበታ ድንጋይ የሚያመላልስ ሲኖትራክ በኦሞ ታጠበ ተብሎ ለቅሶ አይቀመጥም።

ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። ጎማና ቸርኬ በራሳቸው ባልዲና ብሩሽ መጀመሪያ፣ ምክንያቱም የፍሬን ሸራ ብናኝ የያዘው ቆሻሻ ታጥቦ ያለቀ በር ላይ መረጨት የለበትም። ቀጥሎ ከጣሪያ ወደ ታች ውሃ፣ ከዚያ አረፋ፣ ከዚያ እጅ፣ በመጨረሻ እንደገና ውሃ። እጁ ቀጥታ ሲሄድ መልካም ነው፤ ክብ እየዞረ ካበሰ ክብ ጭረት ይተዋል። የማሽኑ አፍ ከጎማው 30 ሴንቲሜትር ያህል ይራቅ፤ የጎማ ጎን በቅርብ በተተኮሰ ውሃ ይጎዳል፣ ጉዳቱም ወዲያው አይታይም። የተነሳ ቀለም ጠርዝ ላይ፣ በተለይ ስቱኮ ተሞልቶ በተቀባ ፓራፋንጎ ላይ፣ ማሽኑን ያስጠጋ ሰው ቀለሙን ይልጠዋል።

ማድረቅ ላይ ብዙዎች ይደክማቸዋል። መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁሞ ራሱ እንዲደርቅ መተው የውሃውን ኖራ ቀለሙ ላይ ነጥብ ነጥብ አድርጎ ያስቀረዋል። ከፍታውም አይረዳንም። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ቆላ ካለ መኪና ይልቅ ሰም የሚያስፈልገው የደጋው መኪና ነው፤ ሙቀቱን እንጂ ጨረሩን የምናስብ ጥቂት ነን።

አሁን ማንም ወደማያየው ቦታ። በሩን ከፍተው ማጠፊያው አካባቢ ያለውን ላሜራ ይመልከቱ፣ የነዳጅ መክደኛውን ያንሱ፣ የኋላ ሰሌዳውን ሥር በጣት ይዳብሱ። ከዚያ ጎንበስ ይበሉና የበሩን ግርጌ ይፈልጉ። እያንዳንዱ በር ከታች ጠርዙ ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉት፤ በመስታወቱ ጎን የሰረገው ዝናብ የሚወጣው በእነሱ ነው። የሱሉልታ ዋልካ ሲደፍናቸው ውሃው በሩ ውስጥ ያድራል፣ ላሜራው ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል፣ ባለቤቱም በየዓመቱ ከባትላሜራ ቤት አይጠፋም። በቀጭን እንጨት ቀዳዳዎቹን ሳይጠየቅ የሚከፍት አጣቢ ካገኙ ስሙን ይያዙ። የፊት ጎማውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዞ ከፓራፋንጎው ሥር የተጠቀጠቀውን ጭቃ የሚያወጣም እንዲሁ።

የመኪናውን ሥር ስናነሳ የማይቀር ጥያቄ አለ። «ጋሼ፣ ናፍጣ ይረጭ?» መልሱ «አይ የኔ ልጅ፣ ውሃው ይበቃዋል» ነው። ናፍጣ ሻንሲውን አጥቁሮ ለጊዜው አዲስ ያስመስለዋል፤ ጎሚኒዎቹን ግን እያሳበጠ ያለሰልሳቸዋል፣ አቧራውንም በማግስቱ ይሰበስባል። የታጠበው ውሃ የት እንደሚሄድም ዓይን ይጣልበት። ጥሩ ግቢ ደለሉ የሚወርድበትና ዘይቱ የሚንሳፈፍበት ጉድጓድ አለው። ቦዩ በቀጥታ ወንዝ የሚገባበት ቤት በሌላውም ሥራው ቸልተኛ ሆኖ ነው የሚገኘው።

ውስጡን በአፍንጫ ይዳኙ። ሽቶው ከበረታ የሚደበቅ እርጥበት አለ፤ ምንጣፉን አንስተው ሶፍት ተጭነው ይያዙ፣ ከረጠበ መኪናው በሳምንቱ ይሸታል። ክሩስኮቱ ሊያብረቀርቅ አይገባም። ሲሊኮን የተቀባ ክሩስኮት ቀን ላይ የፊት መስታወቱ ውስጥ ጥላውን ይጥላል፣ የእንጦጦን ጠመዝማዛ ለሚወርድ ሰው ደግሞ ይህ የውበት ጉዳይ አይደለም። የመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ የሚፈተነው በሌሊት፣ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ሲያርፍበት ነው። ጎማው ላይም እንደዚሁ፤ ደብዘዝ ያለ ጥቁር ይበቃዋል፣ የሚያንጠባጥብ ቅባት መንገድ ላይ ተፈናጥሮ በሮቹን ይነጠብባል።

ፖሊሽና ሰም ተቃራኒ ሥራ ናቸው፤ ብዙ ቤት ግን በአንድ ስም ይሸጣቸዋል። ፖሊሽ ከክሊሩ ላይ ይቀንሳል፣ ሰም ይጨምራል። በጥር፣ የሠርግ ወቅት ሲመጣ፣ የሙሽራ መኪና ካልተፖለሸ የሚባለው ነገር ያሳስበኛል፤ በየሠርጉ የሚፖለሽ መኪና በጥቂት ዓመት ክሊሩ ያልቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚፖልሽ ሰው በነጭ ጨርቅ የተደበቀ ቦታ ላይ ይሞክር። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ፣ በአሮጌ ዲኤክስ ኮሮላ ላይ እንደሚያጋጥመው፣ ያ ቀለም ክሊር የለውም፤ ጥፋት አልተሠራም፣ ግን እጅ ይቅለል። ክሊር ያለው መኪና ጨርቁን ካቀለመ ማሽኑ አልፎ ገብቷል፣ ሥራው ይቁም። ሲያልቅ በስልክ መብራት በጎን ይመልከቱት። ብርሃኑን ተከትሎ የሚዞር ጉም ከታየ ሻካራው ፖሊሽ በለስላሳው አልተከተለም ማለት ነው። በጎማ ጠርዞችና በአርማው ፊደላት መሐል የቀረ ነጭ ዱቄት ደግሞ የችኮላ ፊርማ ነው። የሠርግ ሪባን የተለጠፈበት ማጣበቂያ በቲነር ከተነሳ ቦታው ደብዝዞ ይቀራል፤ ለብ ባለ የሳሙና ውሃና በትዕግሥት ነው የሚለቀው።

ሞተር ማጠብ ላይ ወግ አጥባቂ ነኝ። በብሩሽና በእርጥብ ጨርቅ የጸዳ ሞተር ይበቃኛል። የግድ ከሆነ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ዲናሞውና የኤሌክትሪክ ሳጥኑ በፕላስቲክ ይሸፈኑ፣ ማሽኑም ይራቅ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ላቫጆ ቤቶች ኮፈን ሲከፍቱ ብርቱካናማ ኬብል ያዩ ጀምረዋል። ያ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፤ ወደዚያ ውሃ አይተኮስም። ቻርጅ መሰኪያው መዘጋቱን ሳያይ ማሽን የሚያነሳ ሰው፣ የቤት መኪና ለዓመታት ቢያጥብም፣ ኤሌክትሪኩን ገና አልተማረውም።

ሰዓት መምረጥም የባለቤቱ ፋንታ ነው። ሰበታና ቡራዩ ላይ ማልዶ መድረስ ያዋጣል፤ ጨርቁ ገና ንጹሕ፣ ባልዲው ገና ያልደፈረሰ፣ ልጁም ያልደከመው ነው። ሱሉልታ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ግን አይቸኩሉ። ሌሊቱን ውርጭ ያደረበት መስታወት ላይ ለብ ያለ ውሃ ሲደፋበት ሊሰነጠቅ ይችላልና፣ 3 ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ መስታወቱን ካሞቀች በኋላ ይሂዱ።