ጠረጴዛ የሚጋሩ ሰዎች

ብራድ ኑበርግ የተባለ የሶፍትዌር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በሳምንት ሁለት ቀን ከሌሎች ጋር አብሮ የሚሠራበት ቦታ ተከራየ። ጠዋት ጠረጴዛዎቹን ይዘረጋል፤ ማታ አጣጥፎ ያነሳል። መጀመሪያ ላይ ዝር ያለ ሰው አልነበረም። እሱ ግን የግል ሥራ ነፃነትና የባልደረባ ወግ በአንድ ጣሪያ ሥር ሊገኙ ይችላሉ ብሎ አምኗልና አልተወውም። ሐሳቡንም ማንም እንዲወስደው ፈቀደ። የጋራ ቢሮ ዓለምን ለማዳረሱ ይህ ልግስና ትልቅ ድርሻ አለው።

አዲስ አበባ ውስጥም አይስአዲስ የተባለ የጋራ መሥሪያ ቦታ ያለው ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2011 ተመሥርቶ ለወጣት የቴክኖሎጂ ጀማሪዎች በር ከፈተ።

የእንዲህ ዓይነቱን ቦታ ዋጋ የሚያውቀው ቤቱ ሆኖ ለውጭ ደንበኛ የሚሠራ ሰው ነው። ቀጠሮው ሊደርስ አሥር ደቂቃ ሲቀረው መብራት ይሄዳል። ዘመድ ደግሞ «ቤት አይደለህ እንዴ? እስቲ ባንክ ደርሰህ ና» ይለዋል፤ ቤት የዋለ ሰው ሥራ ላይ መሆኑን ማን ያምናል! የጋራ ቢሮ ከዚህ ሁሉ ይገላግለዋል። ጄኔሬተርና አስተማማኝ ኢንተርኔት ካለው፣ ኪራዩ ያንሰዋል እንጂ አይበዛበትም።

ከሁሉ የሚልቀው ግን ጎረቤቱ ነው። ዲዛይነሯ ስለ ደረሰኝ ግራ ሲገባት አጠገቧ ያለውን የሒሳብ ባለሙያ ትጠይቃለች፤ እሱም አርማ ማሠራት ሲፈልግ ሩቅ አይሄድም። በቀንና በወር የሚከራዩ የጋራ ቢሮዎች ደግሞ ጀማሪውን ይታደጉታል፤ የወራት ቅድሚያ ክፍያ ሳያሰባስብ ደንበኛውን በወግ ተቀብሎ ማነጋገር ይችላል።