«ነፃ ፈቃድ»ና «ቆራጥነት»፤ በሁለት የሥነ ልቡና ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

የሰው ድርጊት ከራሱ ምርጫ ይመነጫል ወይስ አስቀድመው በነበሩ መንሥኤዎች ይወሰናል? ይህ የሥነ ልቡና ክርክር ወደ አማርኛ ሲተላለፍ አንደኛው ወገን «ነፃ ፈቃድ»፣ ሌላው አልፎ አልፎ «ቆራጥነት» ይባላል። ሁለቱም ስያሜዎች ነቀፌታ አለባቸው፤ ነቀፌታቸው ግን እኩል አይደለም።

«ቆራጥነት» ፈጽሞ ስሕተት ነው። ቆራጥ ማለት ሐሳቡ የጸና፣ ወደ ኋላ የማይል ሰው ነው። ቢ. ኤፍ. ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው መጽሐፍ የተከራከረው ግን የሰውን ጠባይ የሚቀርጸው አካባቢው ነው በማለት ነው። ይህን ትምህርት «ቆራጥነት» ያለ ተርጓሚ ደራሲው የካደውን ነገር መልሶ ለትምህርቱ ስም አደረገው። «አስገዳጅነት»ም አይበቃም። ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1884 ጥብቁንና ልዝቡን ወገን ለይቷል፤ ልዝቡ ወገን መንሥኤ ያለው ድርጊት ሁሉ ግዳጅ ነው አይልም።

«ፈቃድ» ጥንታዊና የከበረ ቃል ነው፤ ዳሩ ግን የገዛ መሻትንም ከሌላ የሚገኝ ይሁንታንም ይይዛል። የንግድ ፈቃድና የዓመት ፈቃድ ለዚህ ምስክር ናቸው። «ነፃ»ም ያለ ዋጋ የሚሰጥ ማለት ይሆናል። በቡሬ ገበያ አማርኛና ኦሮምኛ የሚናገር ሰው ልዩነቱን ያውቃል፤ በኦሮምኛ መሻት «ፌዺ»፣ ይሁንታ «ሀያማ» ነውና ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። አማርኛው ሳይመርጥ ያልፋል።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ሲነሣ፣ ከመቱ በጎሬና በቡሬ አድርጎ ወደ ጋምቤላ የሚወርደው መንገድ የሚያቋርጠው የያኔው የኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ከዋነኞቹ ተቀባዮች አንዱ ነበር። መንግሥት ሠፈራው በፈቃደኝነት ነው ይል ነበር፤ በግዳጅ የተወሰዱ መኖራቸው ግን በሰፊው ተመዝግቧል። አዲስ አገር የሻተውም፣ ረኀብ ያስነሣውም፣ ታፍሶ የተጫነውም በአንድ «ፈቃደኛ» ሥር ተጠቃለሉ። ይህን የሚያጠና የሥነ ልቡና ሊቅ «በፈቃድህ መጣህን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ስለ መሻቱ ይሁን ስለ ይሁንታው መጠየቁን መላሹ በምን ያውቃል? ሕዝቡ ግን «በውድ ወይስ በግድ» ብሎ ይለያል፤ ለመካከለኛውም «የውዴታ ግዴታ» የሚል ስም አውጥቶለታል።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ወገን «የፈቃድ ነፃነት» ቢባል፣ ፍቺውም «ውዴታ» ከሚለው ቃል ቢነሣ፣ የነፃ ይሁንታ ትርጉም ይወገዳል። ለሁለተኛው «ተወሳኝነት» ይስማማል። «ወሰነ» ሁለት ፊት ያለው ግሥ ቢሆንም ተደራጊው ቅርጽ ያጠራዋል፤ ወሳኝ ራሱ ሰውየው ሊሆን ይችላል፣ ተወሳኝ ሲባል ግን ወሳኙ ሌላ መሆኑ ይታወቃል። ክርክሩም ያ ሌላው ማን ነው፣ ምንስ ያህል ይወስናል የሚለው ነው።