ተራ አስከባሪ

“ሙላልኝ” አለ ሾፌሩ፣ ፍላሹን ባንኮኒዬ ላይ ጣል አድርጎ። ናፍጣ ሊያስቀዳ የመጣ ነው የሚመስለው።

“በምን ልሙላልህ?”

“በዘፈን ነዋ!”

“እሱማ ገብቶኛል። የማን?”

“አንተ ታውቃለህ። ብቻ ዲላ እስክደርስ እንዳይደግምብኝ።”

ፍስሐ ገነት ላይ እንዲህ ያለ ደንበኛ ይበዛል። ከዲላ በወናጎና በይርጋ ጨፌ በኩል የሚመጣ ሚኒባስ ሰው እስኪሞላ ሲቆም፣ ሾፌሩ ወይ ሻይ ይጠጣል፣ ወይ እኔ ጋ ብቅ ይላል። ሥራዬ ዘፈን መጫን ነው፤ ድሮ መቅዳት ይባል ነበር። በ1980ዎቹ በሁለት ቴፕና በአንድ ካርቶን ባዶ ካሴት ከጀመርኩ ጀምሮ ያልተውኩት አንድ አመል አለኝ። ደንበኛ የአልበም ስም ሲጠራ “ለምን እሱን?” እለዋለሁ። አንዳንዱ ይቆጣል። ብዙው ግን ይመልሳል፤ መልሱም ስለ ዘፈን ሆኖ አያውቅም ማለት ይቻላል።

አንድ የቡና ሳይት ዘበኛ ነበር። ከጥቅምት እስከ ጥር፣ እሸት በሚለቀምበት ወራት፣ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ሌሊቱን ሙሉ ይጠብቃል። የኤፍሬም ታምሩን ካሴት አስቀዳኝ። ለምን እሱን ስለው “የስልሳ ደቂቃ አይደል? ሁለቱን ገጽ ስጨርስ ተነስቼ አልጋዎቹን እዞራለሁ” አለኝ። ለካ ሰዓት የለውም። ከወር በኋላ መጥቶ “ሰሞኑን ሌሊቱ አጠረብኝ” አለ። ቴፑን ከፍቼ ብሰማው ኤፍሬም እየተጎተተ ይዘፍናል፤ ድንጋዩ ደክሟል። ድንጋይ ቀየርኩለትና ሌሊቱ ወደ ልኩ ተመለሰ።

መቅዳት እጅ ይጠይቅ ነበር። ጠዋት በጥጥና በአልኮል የቴፑን ሄድ ታጸዳለህ፤ ያንን ቡናማ ብናኝ ካላነሳህ ድምፁ ብርድ ልብስ ለብሶ ይወጣል። ቴፕ የጎረሰው ክር በቢክ እስክሪብቶ ይጠቀለላል። ከተበጠሰ በምላጭ በሰያፍ ተቆርጦ ከጀርባው በቀጭን ፕላስተር ይያዛል። ቀጥ አድርገህ ከቆረጥክ መጋጠሚያው ሲያልፍ “ጧ” ይላል። ቅጥያ አንዲት ቃል ትበላለች፤ የግድ ነው። አንዲት ጠላ ሻጭ የቀጠልኩላትን ካሴት ስታዳምጥ ኖራ ዘፈኑን ስታንጎራጉር የጎደለችውን ቃል ዘልላ እንደምትዘፍነው የሰማሁ ቀን፣ መሳቅም ማፈርም አቃተኝ። ኦሪጅናሉን ባሰማት “ይሄ ተሳስቷል” ነው ያለችኝ።

ከቅጂ ቅጂ ሲቀዳ መጀመሪያ የሚሞተው የድራሙ ሲምባል ነው። ከዚያ የጊታሩ ጫፍ ይደነዝዛል፣ ሽሽታው ይነሳል። የዘፋኙ ድምፅ መጨረሻ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የእኛ ትውልድ በየገጠር ከተማው ዘፋኝ እንጂ ባንድ ሳይሰማ አደገ ብል ማጋነን አይሆንም። የሮሃ ባንድን ሥራ ሁሉ አውቀዋለሁ እል ነበር። ጥርት ያለ ቅጂ በእጄ የገባው ዘግይቶ ነው፤ ያኔ ነው ጆቫኒ ሪኮ በባሱ ከድምፃዊው ሥር ሌላ ዜማ ይዞ እንደሚሄድ፣ የሰላም ሥዩም ጊታር ለእያንዳንዱ ስንኝ መልስ እንደሚሰጥ የለየሁት። ዳዊት ይፍሩ ኪቦርዱን የት ላይ ዝም እንደሚያሰኘው እስካሁን እየቆጠርኩ ነው። አሁን ምን ታዳምጣለህ ብትሉኝ ይኸው ነው፤ ሃያ ዓመት የሸጥኩትን ካሴት እንደ አዲስ።

ስለ መሸጥ ካነሳሁ አይቀር፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲወጣ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ራሴ ካርቶን ነበር። አምባሰልና ኤሌክትራ ሙዚቃ ቤቶች ያሳተሙትን ኦሪጅናል አንዱን ገዝቼ ስንቱን እንዳባዛሁ እኔና ፈጣሪ እናውቃለን።

የዲላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ ልጅ በእረፍቱ መጥቶ የኃይሉ መርጊያን “ሸሞንሟናዬ” ጠየቀኝ። ደነገጥኩ። እ.ኤ.አ. በ1985 የተሠራ ካሴት ነው፤ የዋልያስ ባንድ መሪ የነበረው ሰው አሜሪካ ተቀምጦ በአኮርዲዮንና በኪቦርድ፣ በማሽን ከበሮ ታጅቦ፣ ብቻውን የተጫወተው። ዘፋኝ የለውም። የእኔ ደንበኛ ደግሞ ዘፋኝ የሌለው ካሴት ሲሰጡት “ሰውየው የት ሄደ?” ነው የሚለው፤ መደርደሪያዬ ላይ አቧራ ሲጠጣ ኖረ። አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ይህንኑ ካሴት ባሕር ዳር አንድ ሙዚቃ ቤት አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው። ያኔ ኃይሉ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነው ዳግመኛ ወደ መድረክ የወጣው። ለምን እሱን ስለው ልጁ “ሳጠና ቃል ስለማይሻማኝ” አለ። ከዚህ የተሻለ የሙዚቃ ሒስ አላነበብኩም።

አሁን ወደ ሾፌሩ ፍላሽ። ብዙው ርካሽ የመኪና ማጫወቻ ዘፈን የሚደረድረው በስሙ ሳይሆን ፍላሹ ላይ በገባበት ቅደም ተከተል ነው። አልበሙን በጅምላ ጎትተህ ከጣልከው እንዳገኘው ይገባል፤ መዝጊያው መክፈቻ ይሆናል። አንዱን አጥፍተህ ሌላ ብትጭን ደግሞ አዲሱ ብዙ ጊዜ የጠፋው ወንበር ላይ ሄዶ ይቀመጣል። እኔ ፍላሹን አጽድቼ አንድ በአንድ ነው የምጭነው፤ አንደኛው ሳይገባ ሁለተኛው አይጠጋም። መናኸሪያ ያሉት ልጆች “አንተም እንደኛ ተራ አስከባሪ ነህ” ይሉኛል። ይሁና! አልበም የሠራ ሰው የቱ ይቅደም ብሎ ያደረው ሌሊት አለ። ሮፍናን በ2010 ዓ.ም. “ነፀብራቅ”ን ሲያወጣ ዘፈኖቹ ተያይዘው እንደ አንድ ጉዞ እንዲሰሙ ያሰበ ይመስለኛል፤ ልጆቹ ግን አንዷን ብቻ በብሉቱዝ ይወስዳሉ። አልከራከርም። የመጀመሪያውን እንዲሰሙ ግን እለምናለሁ።

ሌላም ተራ አለ። እዚህ ጌዴኦ ፕሮቴስታንት ስለሚበዛ ለሙዚቃ ከሚመጣው የማይተናነስ ሰው ለመዝሙር ይመጣል፤ ለደራሮ በዓል ሰሞን ደግሞ የጌዴኡፋ ዘፈን ይፈለጋል። መዝሙርና ዘፈን በአንድ ፎልደር አይገቡም። ችግር የሚፈጥርብኝ ሙሉቀን መለሰ ነው፤ ዘፈኑን በጉብዝናው ዘመን ትቶ ዘማሪ ሆነ። በ2016 ሚያዝያ ያረፈ ሰሞን በአንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ዘፈኑን፣ አንዲት እናት መዝሙሩን ጠየቁኝ። ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን ቆመው ነበር። እትዬ ዘፈኑ ሲሞከር ፊታቸውን አዞሩ፤ ጣታቸው ግን ቦርሳቸው ላይ ምት ይመታ ነበር። አየሁ፤ ምንም አላልኩም።

ለሾፌሩም የጫንኩለት ከቆዩት የሙሉቀን ካሴቶች አንዱን ነው፤ በተራው፣ ሳላዛባ፣ ከኋላው ሌሎች አስከትዬ። በሦስተኛው ቀን መኪናውን እያስጮኸ ደረሰ።

“ወንድሜ፣ ሦስተኛውን ዘፈን አጥፋልኝ።”

“ምን አጠፋ?”

“እሱ ሲመጣ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ረዳቴ ሒሳብ መሰብሰብ ረስቶ በመስኮት ያያል። ይርጋ ጨፌ ላይ ሁለት ሰው ሳይከፍል ወረደብኝ!”

ፍላሹን ተቀበልኩት። አጽድቼ እንደገና አንድ፣ ሁለት ብዬ ጀመርኩና ሦስተኛውን ዘልዬ አራተኛውን አስገባሁ። ሦስተኛው ዲላ መግቢያ ላይ እንዲደርስ፣ ሒሳብ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከሁሉ መጨረሻ አስቀመጥኩት።