የካንሰር ሕሙማንን ዕድሜ በሜታቦሊዝም ጂኖች መተንበይ፦ ሒሳዊ ምልከታ

በካንሰር ምርምር መጽሔቶች አንድ ዓይነት ጽሑፍ በብዛት ይታያል። አጥኚዎቹ እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ከተጀመረውና ከ11,000 በላይ ሕሙማንን ናሙና ከያዘው የካንሰር ጂኖም አትላስ መረጃ ይወስዳሉ። ከስኳር፣ ከቅባት ወይም ከአሚኖ አሲድ ሜታቦሊዝም ጋር የተያያዙ ጥቂት ጂኖችን በስሌት አጣምረው ሕሙማኑን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሥጋት ያለባቸው በማለት ለሁለት ይከፍላሉ። በመጨረሻም የተራራቁ የካፕላን-ማየር መስመሮችን አሳይተው ውጤቱ ለሕክምና ውሳኔ ይረዳል ሲሉ ይደመድማሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መደምደሚያው ምን ያህል እንደሚያስኬድ መመርመር ነው።

የሐሳቡ መነሻ ጽኑ ነው። ጀርመናዊው ኦቶ ቫርቡርግ በ1920ዎቹ የካንሰር ሕዋሳት ኦክሲጅን እያለም ግሉኮስን በብዛት ወደ ላክቲክ አሲድ እንደሚለውጡ አሳይተዋል። የፔት ስካን ምርመራም ዕጢን ለይቶ የሚያሳየው በአብዛኛው በዚሁ ከፍተኛ የግሉኮስ ፍጆታ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሜታቦሊዝም በካንሰር ጠባይ ላይ ድርሻ እንዳለው አያከራክርም። የሚያከራክረው ከዚህ ተነሥቶ አንድ የጂን ዝርዝር የሕመምተኛውን ዕጣ ይናገራል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ቬኔ፣ ዱሞንና ዴቱር የተባሉ የብራስልስ ተመራማሪዎች 47 የታተሙ የጡት ካንሰር የጂን ዝርዝሮችን በዕጣ ከተመረጡ፣ በቁጥር እኩል ከሆኑ ጂኖች ጋር አወዳደሩ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዕጣ ከተመረጡት የተሻሉ ሆነው አልተገኙም። ከምግብ በኋላ መሳቅ ከሚያስከትለው የጂን ለውጥ የተወሰደ ዝርዝር እንኳ ከሕሙማኑ በሕይወት መቆየት ጋር በስታቲስቲክስ ተዛምዶ ተገኘ! ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እጅግ ብዙ ጂኖች ከሕዋሳት መባዛት ፍጥነት ጋር አብረው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። በፍጥነት የሚባዛ ዕጢ ብዙ ንጥረ ነገር ስለሚፈልግ የሜታቦሊዝም ጂኖችም ከዚህ የተለዩ አይደሉም። በመሆኑም አዲስ የተባለው ዝርዝር የፓቶሎጂ ባለሙያው በማይክሮስኮፕ ሚቶሲስ ቆጥሮ የሚነግረንን በውድ ዋጋ መልሶ የሚነግረን ሊሆን ይችላል።

ሌላው ጉድለት ቀመሩ በተሠራባቸው ሕሙማን ላይ ራሱን መፈተኑ ነው። መለያ ነጥቡ መስመሮቹን ይበልጥ የሚያራርቀው ሆኖ ሲመረጥ ልዩነት መታየቱ አያስደንቅም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ እንዲህ ያለው ቀመር ወደ ሌላ ሆስፒታል ሕሙማን ሲሻገር ብዙ ጊዜ ይከሽፋል።

ይህ ማለት ግን የሜታቦሊዝም ጂን ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በአንጎል ዕጢዎች ውስጥ የአይ.ዲ.ኤች.1 ጂን ለውጥ እ.ኤ.አ. በ2008 ተገኘ። የተለወጠው ኢንዛይም ጎጂ ውህድ እንደሚያመርት በቀጣዩ ዓመት ታወቀ። ለውጡ ያለባቸው የግሊዮማ ሕሙማን ከሌለባቸው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚኖሩ በተለያዩ ጥናቶች ተረጋገጠ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2016 በዕጢዎቹ አመዳደብ ውስጥ አካተተው። የተለመደው ዓይነት ለውጥ በኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ ሊታይ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2024ም ቮራሲዴኒብ የተባለው መድኃኒት በአሜሪካ ለዚሁ ተፈቀደ። እዚህ ላይ የታወቀ አሠራር፣ በሌሎች ዘንድ የተደገመ ውጤትና የሚከተል ሕክምና አለ። መለኪያው ይህ ሊሆን ይገባል።

ጉዳዩ የወረቀት ክርክር ብቻ አይደለም። ዝቅተኛ ሥጋት አለብሽ የተባለች ሕመምተኛ የሚያድናት ኬሞቴራፒ ሊቀርባት ይችላል፤ ከፍተኛ ሥጋት አለብህ የተባለም ቤተሰቡ ጥሪቱን ሊሸጥለት ይችላል። በአትላሱ ከተካተቱት ሕሙማን አብዛኞቹ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው በመሆናቸው ቀመሩ ለእኛ ሕሙማን መሥራቱ በራሱ መረጋገጥ አለበት። ለዚህም የበሽታው ደረጃ በትክክል መመዝገቡና እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመውን የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ የመሰለ ሥራ መጠናከሩ ይቀድማል፤ በሕይወት ያለውንና ያረፈውን ሳናውቅ ትንበያን መፈተን አይቻልምና።

ስለዚህ የሙያ ባልደረቦች እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲያነቡ ሦስት ጥያቄዎች ቢያነሡ መልካም ነው። ዝርዝሩ በዕጣ ከተመረጡ ጂኖች ይበልጣልን? ከዕድሜ፣ ከበሽታው ደረጃና ከፓቶሎጂ ውጤት በላይ የሚጨምረው ዕውቀት አለን? ውጤቱስ ለሕመምተኛው የምንሰጠውን ሕክምና ይለውጣልን? ለሦስቱም በቂ መልስ ያላቀረበ ጥናት ለተጨማሪ ምርምር እንጂ ለአልጋ ዳር ውሳኔ አይበቃም።